አንቀጽ ሰባት

ጣና ዳር አምስት ፎቅ ነጭ ሆቴል ቆሟል፤
ልስኑ የኔ እጅ ነው፣ ስሙ የሌላ ሆኗል።
በሰኔ ጀመርኩት፣ ግንቡ ዝናብ ሲጠጣ፤
ጥር ላይ አስረከብኩ፣ አንድ ስንጥቅ ሳይወጣ።
መወጣጫው ባሕር ዛፍ፣ ሚስማሩ የታጠፈ፤
እላዩ ላይ ሆኜ ስንቱ ታንኳ አለፈ።

ውላችን አራት ገጽ፤ ሽምብጥ ነው የተጻፈ፣
መብራት በጠፋ ቀን በችኮላ ያለፈ።
ተቋራጩ ይኸነው እስክሪብቶ አቀበለኝ፤
«አንተና እኔማ ምን ወረቀት?» አለኝ።
እኔም ሳላነበው፣ ሳቄን አስቀድሜ፣
በየገጹ ግርጌ ተጋደመ ስሜ።

አንቀጽ ሰባት ነበር፣ ሦስተኛው ገጽ ላይ፣
ጉንዳን የምታህል፣ ለዓይን የማትታይ፦
«ንዑስ ተቋራጩ ክፍያ የሚያገኘው
ዋናው ተቋራጭ ሲከፈለው ብቻ ነው።»

ሲከፈለው። መቼ? ቃሉ ቀን የለውም።
ሚያዝያ ሄደ፣ ግንቦት፤ ስልኬን አያነሳም።
የሱቁ ዱቤዬ እንደ እምቦጭ ተንሰራፍቶ፣
ከአረንጓዴው በታች ውኃው አይታይ ጠፍቶ።

ወደ አሠሪው ሄድኩ፣ ወደ ሆቴሉ ጌታ፤
በረንዳው ላይ ነበር፣ ከአሣው ጋር በእርጋታ።
«እኔ» አለ «የማውቀው የፈረምኩለትን፤
አላውቅህም ወንድም፤ ጠይቅ የቀጠረህን።»
የተደገፈው ግድግዳ ግን ያውቀኛል፤
እዚያ ማዕዘኑ ላይ አውራ ጣቴ ይገኛል።
ምን ያደርጋል፣ ግድግዳ ችሎት ቀርቦ አይምልም፣
ቢጠሩት አይሰማም፣ ቢሰማም አይናገርም።

ጠበቃዬ ጥሩዓለም መነጽሯን አወለቀች፤
«ውል በተዋዋዮቹ መሐል ሕግ ነው» አለች፤
«ግን ‹ሲከፈለኝ› ማለት ‹እስከ ምጽአት› አይደለም፤
ዳኛ ፊት እንሞክር፤ ባዶ ተስፋ አልሰጥህም።
የልኬቱ ሰነድ፣ የርክክቡ ፊርማ፣
ከመቶ አምስት እጅ የቀረው መያዣማ፣
የታል?» ስትለኝ ጊዜ ፌስታሌን ገለበጥኩ፤
ጀሶ የነካካውን ደረሰኝ ዘረገፍኩ።

«ግዴታህንም እወቅ፤ ዓመቱ ሳይሞላ
ስንጥቅ ቢወጣ ያንተ ነው፤ አይባልም የሌላ።
ተካሰናል ብለህ አልጠግንም አትልም፤
የሠራተኛ ደመወዝም ላንተ ሲባል አይቆይም።»

ሰኔ ስድስት ማታ፣ ዓባይን በእግሬ ስሻገር፣
ስልኬ ጮኸ። የሽመቤት ናት፣ የሰባታሚቷ፣
የአርባ ሁለት ክፍል ሴራሚክ ያነጠፈች፣
ጉልበቷ ላይ ጎማ አስራ፣ ሆዷ ገፍቶ የነበረች።
«ጋሼ ፈንታሁን፣ ያች ነገር?» አለችኝ ዝግ ብላ።
እኔም ያለ ወረቀት፣ ያለ ማኅተም፣ ያለ ምስክር፣
«አይዞሽ» አልኳት፣ «ሲከፈለኝ እከፍልሻለሁ።»

ከድልድዩ በታች ውኃው ያልፋል።
አንቀጽ ሰባት ከአፌ ወጣ፣ በኔው ድምፅ፣ በኔው ሳል።

ከይኸነው በላይ አሠሪው፣ ከእሱ በላይ ባንክ አለ፤ እሺ።
ከኔ በታች የሽመቤት፤
ከእሷ በታች ግን ማንም የለም «ሲከፈለኝ» የምትለው፤
የቤት ኪራይ አይሰማም፣ የሚመጣው በቀኑ ነው።

ቅዳሜ ማደባለቂያዬን ዘንዘልማ ወስጄ ሸጥኳት፤
ግማሽ ዋጋዋን ሳታወጣ፣ ብሩን ለየሽመቤት ሰጠኋት።
አልመረቀችኝም። ቆጠረች፣ ደግማ ቆጠረች፤
«ሦስት መቶ ይጎድላል» ብላ ቀና ብላ አየች።
ከኪሴ ጨመርኩበት። ፈረመችልኝም፤
ስሟን እስከ አያት ጻፈች፣ አልቸኮለችም።

ሰኞ ከሆቴሉ ተደወለ፤ ሦስተኛ ፎቅ ተሰንጥቋል።
ማንካዬን ይዤ ሄድኩ። ዘበኛው በጓሮ በር አስገባኝ፤
የፊቱ በር የእንግዳ ነው።
ጠገንኩት። የት እንደነበር አይታወቅም፤
እኔ አውቀዋለሁ፣ ግን ጣቴን አልቀስርም።
ፎቶ አንስቼ ብቻ፣ ቀኑን ሰዓቱን ጽፌ
ለጥሩዓለም ላክሁላት፣ ከመዝገቡ አስደግፌ።

ቀጠሮው ሐምሌ አሥራ ሁለት፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት።
ኮቴን አጥቤዋለሁ።
እጅጌው ላይ ጀሶ ቀርቷል፤ ይቅረብ እንዳለበት።